እንቁራሪት ይዞ ድንበር መሻገር

ወይዘሮ ወርቅነሽ በሰሜን ካሊፎርኒያ በአንድ የምርምር ላቦራቶሪ እንቁራሪቶችን ሲንከባከቡ ኖረው ጡረታ ወጥተዋል። ዳዊት የአብሮ አደጋቸው ልጅ ነው፤ ቤተሰቡን ይዞ ከሌላ ስቴት ወደ ኦክላንድ ሊዛወር ስላሰበ ቤት ፍለጋ መጥቶ እሳቸው ዘንድ አርፏል። ከእራት በኋላ ያነሣው ጥያቄ ግን ስለ ቤት ኪራይ አልነበረም። (ዓመታቱና ቀኖቹ በሙሉ እንደ ኤውሮጳ አቆጣጠር ናቸው።)

ዳዊት፦ እትዬ፣ አንድ የሥራ ባልደረባዬ የነገረኝን ላጣራ። የልጄ የሊያ እንቁራሪት ካሊፎርኒያ መግባት አትችልም ይለኛል። እኛ ያለንበት ስቴት በግልጽ ከሱቅ የገዛናት ናት እኮ፤ ደረሰኙም አለኝ።

ወርቅነሽ፦ ፎቶዋ ካለህ እስቲ አሳየኝ። እንዲህ አቅርበው። የፊት እግሯን ታየዋለህ? ጣቶቿ አልተያያዙም፣ በመካከላቸው ስስ ቆዳ የለም። ዓይኖቿ ደግሞ አናቷ ላይ ናቸው፣ ሽቅብ ነው የሚያዩት። የኋላ እግሯ ሦስት ጣቶች ጥቁር ጥፍር አላቸው። ባልደረባህ አልተሳሳተም። ይቺ የአፍሪካ ባለጥፍር እንቁራሪት ናት፣ በሳይንስ ስሟ ዜኖፐስ። እዚህ ስቴት ቤት ውስጥ ማኖር ክልክል ነው።

ዳዊት፦ ከገንዳዋ ወጥታ የማታውቅ እንስሳ ለስቴቱ ምን ስጋት ትሆናለች?

ወርቅነሽ፦ ሕጉ ያንተን ገንዳ ለይቶ አያይም። በካሊፎርኒያ ደንብ አርዕስት 14፣ ክፍል 671 የሚባል ዝርዝር አለ። ያለ ፈቃድ ወደ ስቴቱ ማስገባት፣ ማጓጓዝና መያዝ የተከለከሉ የዱር እንስሳት እዚያ ተጽፈዋል። ዜኖፐስ ከነወገኗ አለችበት። እኔ የሠራሁበት ላቦራቶሪ ይዟቸው የነበረው በፈቃድ ነው። ለምርምር ፈቃድ ይገኛል፤ ለቤት ማቆያ ግን አይሰጥም። ቀላል ነገር አድርገህም እንዳታየው፤ የገንዘብ ቅጣቱ ከ500 ዶላር ተነሥቶ ለአንድ ጥፋት እስከ 10,000 ዶላር ሊደርስ ይችላል።

ዳዊት፦ «ከነወገኗ» ሲሉ ምን ማለትዎ ነው?

ወርቅነሽ፦ ዝርያ አይመርጥም ማለቴ ነው። ሱቅ የሚሸጠው በአብዛኛው የደቡባዊ አፍሪካውን ዜኖፐስ ሌቪስን ነው። በዚያው ወገን ውስጥ ግን ሌሎች ብዙ ዝርያዎች አሉ፤ አገራችንም የራሷ አላት። ዜኖፐስ ክሊቪ በኢትዮጵያና በኤርትራ ደጋ ይኖራል። ዜኖፐስ ላርገኒ ደግሞ ከኢትዮጵያ ደቡባዊ ደጋ በቀር በዓለም ላይ የትም የለም፤ ለሳይንስ የተገለጸው በ1995 ነው፣ ስሙንም ያገኘው የአገራችንን እንቁራሪቶች ለብዙ ዓመታት ካጠናው ከማልኮም ላርገን ነው። ላርገኒ የማንንም ውኃ አልወረረም፤ ራሱ ጥበቃ የሚያሻው ነው። ቢሆንም ተከልክሏል። የፍተሻ ጣቢያ ላይ የቆመ ሰው አንዱን ዝርያ ከሌላው በዓይኑ መለየት አይችልምና ወገኑን ጠቅልሎ መዝጋቱ ትክክል ይመስለኛል።

ዳዊት፦ ከደቡብ አፍሪካ እዚህ ድረስ ማን አመጣት?

ወርቅነሽ፦ ሕክምና አመጣት። ይህን ታሪክ ሳልነግርህ ሕጉ አይገባህም። በ1920ዎቹ መጨረሻ ላንሰሎት ሆግበን የሚባል እንግሊዛዊ ሳይንቲስት ኬፕታውን ዩኒቨርሲቲ ያስተምር ነበር። ከበሬ ፒቱታሪ ዕጢ የተወሰደ ፈሳሽ እንስት ዜኖፐስ ሲወጋት እንቁላል እንደምትጥል አየ። በ1930ዎቹ መጀመሪያ ደግሞ እዚያው ኬፕታውን የነበሩ ተመራማሪዎች የነፍሰ ጡር ሴት ሽንትም ይህንኑ እንደሚያደርግ አረጋገጡ፤ ሽንቱ ውስጥ የእርግዝና ሆርሞን አለና። የሴትየዋ ሽንት ተዘጋጅቶ ማታ እንቁራሪቷን ይወጓታል፤ እርግዝና ካለ በማግስቱ ጠዋት ገንዳው ውስጥ እንቁላል ይገኛል። ከዚያ በፊት የነበረው ምርመራ አይጥ ወይም ጥንቸል ገድሎ ሆዷን ከፍቶ ማየት ነበር። እንቁራሪቷ ግን አትሞትም፤ ጥቂት ካረፈች በኋላ ለሌላ ሴት ታገለግላለች። እስቲ አስበው፣ ማርገዝ አለማርገዟን ለማወቅ ወራት ትጠብቅ የነበረች ሴት በአንድ ሌሊት መልስ አገኘች። በሺዎች የሚቆጠሩ እንቁራሪቶች ከደቡብ አፍሪካ ኩሬዎች እየተጠመዱ ወደ ኤውሮጳና ወደ አሜሪካ ተጫኑ።

ዳዊት፦ ይህን ፈጽሞ አላውቅም ነበር።

ወርቅነሽ፦ ውለታዋ በዚህም አላበቃም። ጆን ገርደን የተባለው እንግሊዛዊ ከዜኖፐስ እጭ አንጀት የወሰደውን የሕዋስ ኒውክሊየስ እንቁላል ውስጥ አስገብቶ ሙሉ እንስሳ አሳድጓል። በ2012 የኖቤል ሽልማት ካገኙት ሁለቱ አንዱ እሱ ነው። እኔ ውኃ ስቀይርላቸው የኖርኩት እንቁራሪቶችም ጽንስ እንዴት ቅርጽ እንደሚይዝ የሚጠናባቸው ነበሩ። ስለዚህ እንስሳውን ጠልቼ እንዳይመስልህ። በ1960ዎቹ ግን በኬሚካል የሚሠራው የእርግዝና ምርመራ መጣ፤ ሆስፒታሎች እንቁራሪቷን አላስፈለጓቸውም። በዚያን ጊዜ በየአገሩ እሷን ማራባት ተለምዶ ነበር፤ ለላቦራቶሪም ለሱቅም የሚያቀርቡ ነጋዴዎች ነበሩ። በ1960ዎቹ መጨረሻ ደቡብ ካሊፎርኒያ ውስጥ በዱር ውኃ ስትራባ ተገኘች።

ዳዊት፦ እንግዲያው ጥፋቱ የትልልቆቹ ነው። ሐኪሞች አስመጡ፣ ሳይንቲስቶች አራቡ፣ ነጋዴዎች ሸጡ። ሕጉ የሚይዘው ግን የዘጠኝ ዓመት ልጅ ነው። ላቦራቶሪው እስከ ዛሬ ፈቃድ ያገኛል፤ ሊያ አታገኝም።

ወርቅነሽ፦ ቅሬታህ እውነት አለበት፤ አልሸፋፍንልህም። ፖርቱጋል ውስጥ ሊዝበን አጠገብ ኦይራስ በሚባል አካባቢ በ2006 ወንዝ ውስጥ ተገኝታለች፤ ከምርምር ተቋም እንዳመለጠች ይታመናል። በምዕራብ ፈረንሳይ የተስፋፋችው ከማራቢያ ጣቢያ ወጥታ ነው። ጥፋቱ ከላቦራቶሪም ይመጣል። ሆኖም የላቦራቶሪው ፈቃድ ባዶ ወረቀት አይደለም፤ ግዴታ አለበት። እኛ ጋ ወለሉ ላይ ያለው የውኃ መውረጃ ሁሉ በወንፊት የተሸፈነ ነበር፣ የገንዳ ክዳን ይቆለፋል፣ እንስሳቱ ይቆጠራሉ፣ የቆሸሸው ውኃ በክሎሪን ሳይታከም አይደፋም። ባለሥልጣን መጥቶ ሊያይ ይችላል። አሁን አንተ ቤት የገንዳው ውኃ የት ነው የሚደፋው?

ዳዊት፦ አንዳንዴ ግቢ ውስጥ አትክልቱ ላይ እናፈሰዋለን። ማዳበሪያ ይሆናል ብለን።

ወርቅነሽ፦ ሰው ሁሉ እንዲህ ያደርጋል፤ ማንም አልነገረውማ። ግን ውኃው ብቻውን በሽታ ይዞ ይወጣል። ቻይትሪድ የሚባል ፈንገስ አለ፤ የእንቁራሪትን ቆዳ ነው የሚይዘው። እንቁራሪት ደግሞ በቆዳዋ ትተነፍሳለች፣ በቆዳዋ ውኃና ጨው ታመጣጥናለች፤ ቆዳዋ ሲበላሽ ልቧ ይቆማል። ዜኖፐስ ግን ፈንገሱን ተሸክማ ጤነኛ መስላ ልትኖር ትችላለች። በ1938 ተይዛ ሙዚየም ውስጥ በተቀመጠች ዜኖፐስ ቆዳ ላይ ተገኝቷል፤ ካሊፎርኒያ ውስጥ በዱር በተያዙትም ላይ ተገኝቷል። በኋላ በ2018 የወጣ የዘረመል ጥናት የፈንገሱን መነሻ ወደ ምሥራቅ እስያ ወስዶታል። ስለዚህ ሁሉን ነገር በዜኖፐስ ላይ መጫን ልክ አይደለም፤ ግን ከተሸከሙት እንስሳት አንዷ ናት። በ2019 የታተመ ዓለም አቀፍ ጥናት ፈንገሱ ቢያንስ 501 የእንቁራሪትና የመሰሎቿ ዝርያዎችን እንዳመናመነ፣ ከእነዚህም 90ዎቹ ሳይጠፉ እንዳልቀሩ ዘግቧል። ይህን ያህል ዝርያ የጨረሰ ሌላ በሽታ አይታወቅም።

ዳዊት፦ እኛም አገር ደርሷል?

ወርቅነሽ፦ ደርሷል። በ2012 የወጣ ጥናት በኢትዮጵያ ደጋ በብዙ ቦታና በብዙ ዝርያ ላይ በብዛት አግኝቶታል። ይህ እንቅልፍ የሚነሳኝ ነገር ነው። የኢትዮጵያ እንቁራሪቶች ከ60 ዝርያ በላይ ናቸው፤ ብዙዎቹ ከአገራችን ውጭ የሉም። ባሌ ተራሮች ላይ ኤሪካባትራከስ የምትባል ትንሽ እንቁራሪት አለች። ወገኗ በሙሉ እሷ ብቻ ናት፤ ባሌ ላይ ከጠፋች አንድ ዝርያ ብቻ ሳይሆን አንድ ወገን ከነስሙ ይጠፋል። ይህን ያነሣሁት የሊያ እንቁራሪት ባሌ ትደርሳለች ብዬ አይደለም። ሰው እንስሳትን ከአገር አገር ሲያዘዋውር ምን አብሮ እንደሚጓዝ እንድታይ ነው።

ዳዊት፦ በሽታው ገባኝ። ግን እንቁራሪቷ ራሷ ብትወጣ፣ አንዲት እንቁራሪት ስንት ትበላለች?

ወርቅነሽ፦ እሷ ያገኘችውን ሁሉ ትበላለች። ምላስ የላትም፤ በፊት እግሮቿ እየጠቀጠቀች ወደ አፏ ታስገባለች። ነፍሳት፣ ትንንሽ ዓሣ፣ የሌሎች እንቁራሪቶች እጭ፣ ሲቸግራትም የራሷን ልጆች። ጎኖቿ ላይ እንደ ዓሣ የውኃ እንቅስቃሴ የሚያሳውቃት መስመር ስላለ በደፈረሰና በጨለመ ውኃ ታድናለች። ኩሬው ሲደርቅ ጭቃ ውስጥ ትቀበራለች፤ ዝናብ ሲዘንብ በየብስ ተጉዛ ሌላ ኩሬ ትገባለች። አንዲት እንስት ብዙ ሺህ እንቁላል ትጥላለች። በተያዘችበት ከ15 ዓመት በላይ ትኖራለች። ሳን ፍራንሲስኮ ውስጥ ጎልደን ጌት ፓርክ ሂድ፤ ሊሊ ፖንድ የሚባል ኩሬ አለ። ዜኖፐስ እዚያ ገብታ ኩሬውን ሞልታው ነበር። ባለሥልጣናቱ ዓመታት ታግለዋታል፤ በመረብ አጠመዱ፣ ውኃውን አፈሰሱ። መሀል ከተማ ያለች፣ ዳርቻዋ በእግር የሚዞር ኩሬ ናት! ወንዝ ውስጥ ሲሆን ምን ሊደረግ ይቻላል? አንተ የባሕር ዳር ልጅ ነህ፤ እምቦጭን ላስረዳህ አይገባኝም።

ዳዊት፦ የደንቢያ ገበሬ ውኃ ውስጥ ቆሞ በእጁ ሲነቅል አይቻለሁ። የተነቀለው ተመልሶ ይበቅላል።

ወርቅነሽ፦ እምቦጭ ከደቡብ አሜሪካ የወጣው አበባው ስላማረ ነው። ሰው ለኩሬ ማስጌጫ ብሎ ከአገር አገር ወሰደው። ጣና ላይ መኖሩ በይፋ የታወቀው በ2011 ነው፤ ከዚያ ወዲህ ስንት ሰው ዘመተበት፣ ስንት ማሽን ተገዛለት! መጀመሪያ ለኩሬው ውበት ብሎ ያጓጓዘው ሰው ክፋት አላሰበም። እንቁራሪቷን ወደ ኩሬ የሚለቅ ሰውም ክፋት አያስብም። እንዲያውም ነጻ ያወጣት ይመስለዋል፤ ለዚህ ነው ነገሩ የሚከብደኝ።

ዳዊት፦ አንድ ነገር ግን አልዋጥልህ አለኝ። እዚሁ ኦክላንድና ሳን ፍራንሲስኮ የምግብ ገበያዎች ውስጥ ትልልቅ እንቁራሪቶች በሕይወት ሲሸጡ አይቻለሁ። እነዚያስ?

ወርቅነሽ፦ እነዚያ ቡልፍሮግ ናቸው። መነሻቸው ምሥራቅ አሜሪካ ነው። ታሪካቸው የሚያሳዝን ነው፤ በወርቅ ፍለጋው ዘመን ካሊፎርኒያን ያጥለቀለቀው ሰው የአገሬውን ቀይ እግር እንቁራሪት እየበላ አመናመናት። እሷ ስታልቅ በ19ኛው ክፍለ ዘመን ማብቂያ ቡልፍሮግን ለምግብ አመጡ። ቡልፍሮግ ደግሞ የተረፈችውን ቀይ እግር ይበላ ጀመር። ቀይ እግሯ ከ1996 ጀምሮ በፌዴራል ሕግ ጥበቃ ሥር ናት፤ በ2014 በየብስም በውኃም ከሚኖሩ እንስሳት መካከል የስቴቱ መለያ ሆና ተመርጣለች። የበላት እንስሳ ግን እስከ ዛሬ በሕይወት ለገበያ ይመጣል። በ2010 የስቴቱ ኮሚሽን ለምግብ የሚገቡ ባዕድ እንቁራሪቶችና ኤሊዎች ፈቃድ እንዲቆም ወስኖ ነበር፤ ነጋዴዎችና የማኅበረሰብ ተወካዮች ተቃወሙ፣ ውሳኔው ተቀለበሰ።

ዳዊት፦ ስለዚህ ጉልበት ያለው ያስፈቅዳል።

ወርቅነሽ፦ አዎ፤ ስህተት ነው ብዬ አምናለሁ። በሕይወት ያለ ቡልፍሮግ ማስገባትም መዘጋት ነበረበት። ሰው ባህሉን ይብላ፣ ግን በረዶ ሆኖ ይምጣለት። ከዚህ ተነሥተህ ግን «ያ ከተፈቀደ ይህም ይፈቀድ» ብትለኝ አልከተልህም። አንዱ በር ተከፍቶ መቅረቱ ሁለተኛውን ለመክፈት ምክንያት አይሆንም።

ዳዊት፦ እሺ፣ ታዲያ እኛ ያለንበት ስቴት ለምን ፈቀደ? እንስሳዋ አንድ ናት።

ወርቅነሽ፦ ውኃው ይለያያል። እዚህ ክረምቱ ለስላሳ ነው፤ ከደቡብ አፍሪካ ኬፕ አየር ጋር ይመሳሰላል። ኦሪገን፣ ዋሽንግተን፣ ኔቫዳ፣ አሪዞናና ሃዋይም ከልክለዋል። ውርጭ የሚበረታበት ስቴት «እኛ ጋ አትቆይም» ብሎ ተወው። ስሌቱ ግን ሁልጊዜ አይሠራም። ዌልስ ውስጥ አሥርት ዓመታት በዱር ኖራለች፤ በኋላ ድርቅና ከባድ ክረምት ተከታትለው አጠፏት። ዋሽንግተን ስቴት ደግሞ ሌሲ በምትባል ከተማ በ2015 የዝናብ ውኃ መሰብሰቢያ ኩሬዎች ውስጥ ተገኘች። «ብርዱ ይገድላታል» ብለው የተዘናጉ ሰዎች አሥርት ዓመታት እንደምትቆይ አላሰቡም። ሃዋይ ከሁሉም የጠበቀ ሕግ ያላት በቂ ምክንያት ስላላት ነው፤ ከፖርቶ ሪኮ በአትክልት ችግኝ ተደብቃ የገባችው ኮኪ የምትባል ትንሽ እንቁራሪት ሌሊቱን ሙሉ በጩኸቷ ሰው ታስመርራለች። ፖርቶ ሪኮዎች ግን ጩኸቷን እንደ አገር ዜማ ይወዱታል።

ዳዊት፦ እትዬ፣ ሁሉን አስረዱኝ። አሁን ሊያን ምን ልበላት? ሁለት ዓመት አሳድጋታለች። በሕጉ መሠረት ልግደላት?

ወርቅነሽ፦ አትገድላትም። እዚያው ትቀራለች፤ እዚያ ሕጋዊ ናት። የሊያ ትምህርት ቤት የሳይንስ መምህር ወይም ከልጁ ጋር የሚያሳድጋት ጎረቤት ፈልግ። ግን ሳትደብቅ ንገረው፤ ይህች እንስሳ ከአሥር ዓመት በላይ አብራው ልትኖር ትችላለች፣ ገንዳዋ ክዳን ይፈልጋል፣ ውኃዋ ግቢ አይደፋም፣ ከሰለቸውም ለሌላ ሰው ያስረክባል እንጂ የትም አይለቅም። ይህን ቃል የማይገባልህ ሰው ጋ አትተዋት።

ዳዊት፦ እኔስ ባልደረባዬ ባይነግረኝ መኪናዬ ውስጥ ጭኜ መጥቼ ነበር። ከገባሁ በኋላ ብሰማስ?

ወርቅነሽ፦ እሱ ነው እኔን የሚያሳስበኝ። አስበው እስቲ፣ አንድ አባት ሳያውቅ ይዞ ገባ። ከወር በኋላ ሕጉን ሰማ፣ የ10,000 ዶላሩንም ሰማ። መሥሪያ ቤት ቢደውል ራሱን የሚያጋልጥ መሰለው። ማታ ልጆቹ ሲተኙ ወደ ቅርብ ኩሬ ሄደ። ሕጉ የተጻፈው በትክክል ይህ እንዳይሆን ነበር፤ ፍርሃቱ ግን እዚያው አደረሰው። ክፍል 671 የሚናገረው ስለ ክልከላና ስለ ፈቃድ ነው። እኔ ክልከላውን እደግፋለሁ፤ ግን ክልከላ ካለ ለያዘው ሰው የመውጫ መንገድ እዚያው ሕጉ ውስጥ መጻፍ አለበት ብዬ አምናለሁ። ሌሎች አድርገውታል።

ዳዊት፦ እነማን?

ወርቅነሽ፦ የኤውሮጳ ኅብረት በ2014 ስለ መጤ ወራሪ ዝርያዎች ደንብ አወጣ። ዝርዝሩ ውስጥ የገባ እንስሳ ማስገባት፣ መሸጥ፣ ማራባት፣ መያዝ፣ መልቀቅ ክልክል ነው። ዜኖፐስ ሌቪስ በ2022 ገባች፤ ክልከላው ግን የጸናው ነሐሴ 2 ቀን 2024 ነው። ሁለት ዓመት ሰጡ ማለት ነው። ከዚያ በላይ ደግሞ ዝርዝሩ ውስጥ ከመግባቷ በፊት እንቁራሪቷን ቤቱ ያኖር የነበረ ሰው፣ እንዳታመልጥና እንዳትራባ እስካደረገ ድረስ እስክትሞት ሊያኖራት ይችላል። ሙኒክ ወይም ሮም የሚኖር ልጅ እንቁራሪቱን አይነጠቅም፤ አዲስ ግን አይገዛም። ይዞታው በአንድ ትውልድ እንስሳ ያበቃል። ፍሎሪዳ በበኩሏ ከ2006 ጀምሮ ምሕረት የሚያደርግ ፕሮግራም አላት። ባዕድ እንስሳ ያለው ሰው በነጻ ያስረክባል፣ «ለምን ያዝክ» ብሎ የሚቀጣው የለም፤ እንስሳውም ፈቃድ ላለው አሳዳጊ ይሰጣል። ፍሎሪዳ ይህን ያደረገችው ለስላሳ ስለሆነች አይደለም። ፓይተን እባብ ኤቨርግሌድስ የሚባለውን ረግረግ መሬቷን ከወረረ በኋላ የሚለቅ ሰው ምን እንደሚያስከፍል ስለተማረች ነው።

ዳዊት፦ ሊያ እንቁራሪት አትተውም፤ እዚህ ስትመጣ ሌላ ትጠይቀኛለች። የሚፈቀድ አለ?

ወርቅነሽ፦ አለ። ሃይሜኖኪረስ የምትባል የአፍሪካ ድንክ እንቁራሪት ካሊፎርኒያ ትፈቅዳለች። ከትንሽ ዜኖፐስ ጋር ስለምትመሳሰል ሱቁ ቢሳሳት ቅጣቱ አንተን ያገኝሃል፤ ስትገዛ የፊት እግሯን እይ። በድንኳ የፊት ጣቶች መካከል ስስ ቆዳ አለ፣ ዓይኖቿም በጎን ናቸው። ጣቶቿ የተለያዩ ከሆኑ አትግዛ። ደግሞ ተፈቀደች ማለት ጉዳት የላትም ማለት አይደለም። ከ2008 እስከ 2011 ድረስ ከድንክ እንቁራሪት ጋር የተያያዘ የሳልሞኔላ ወረርሽኝ በ42 ስቴቶች 241 ሰው አሳምሟል፤ አብዛኞቹ ሕፃናት ናቸው። ምንጩ እዚሁ ካሊፎርኒያ የሚገኝ ማራቢያ ነበር። ብዙዎቹ ልጆች እንቁራሪቷን እንኳ አልነኩም፤ የገንዳዋ ውኃና ገንዳዋ የታጠበበት ማጠቢያም ሊያሳምሙ ይችላሉ። ስለዚህ ገንዳዋን ወጥ ቤት አታጥቡ፣ ሊያ በነካች ቁጥር እጇን በሳሙና ትታጠብ፣ ትንሹ ልጅህ አምስት ዓመት እስኪሞላው አይጠጋት። ውኃውም ሽንት ቤት ይደፋል፣ አትክልት ላይ አይደለም።

ዳዊት፦ ሱቅ ውስጥ ሰማያዊና ቢጫ የሆኑ በጣም የሚያምሩ አይቻለሁ። መርዛማ ናቸው ይባላል።

ወርቅነሽ፦ የደቡብና የመካከለኛው አሜሪካ መርዛማ እንቁራሪቶች ናቸው። ቤት የተወለዱት መርዝ የላቸውም፤ መርዙን የሚያገኙት ጫካ ውስጥ ከሚበሏቸው ጉንዳኖችና ሌሎች ጥቃቅን ፍጥረታት ነው፣ ሱቅ የሚመገቡት ምግብ ያን አይሰጣቸውም። የእነሱ ሕግ ግን ሌላ ነው። የዜኖፐስ ሕግ አገሩን ከእንቁራሪቷ ይጠብቃል፤ የእነዚህ እንቁራሪቷን ከእኛ ይጠብቃል። ከ1987 ጀምሮ ሳይተስ በሚባለው ዓለም አቀፍ የንግድ ስምምነት ሁለተኛ ሰንጠረዥ ውስጥ ናቸው፤ ያለ ፈቃድ ድንበር አይሻገሩም። ኢትዮጵያም ከ1989 ጀምሮ የስምምነቱ አባል ናት። በጥር 2024 ቦጎታ አውሮፕላን ማረፊያ አንዲት መንገደኛ 130 እንቁራሪት በፎቶ ፊልም ቆርቆሮ ውስጥ አሽጋ ስትወጣ ተይዛለች። ከጫካ የተጠመደ እንቁራሪት በእንዲህ ያለ መንገድ ሲጓዝ ብዙው ይሞታል። ስለዚህ እነዚህን ከገዛህ ማን እንዳራባቸው ጠይቅ፤ በግልጽ የማይነግርህ ሻጭ ካጋጠመህ ውጣ።

ዳዊት፦ ሊያን እኔ አስረዳታለሁ። ቀደም ብለው ያሉት ነገር ግን ውስጤ ቀረ። ማታ ወደ ኩሬው የሚሄደው አባት። እኔ ልሆን እችል ነበር። ለማን ነው የሚነገረው?

ወርቅነሽ፦ ዝርዝሩን የሚያወጣው የካሊፎርኒያ የዓሣና የአደን ኮሚሽን ነው። ስብሰባው ለሕዝብ ክፍት ነው፤ ማንም ሰው ደንቡ እንዲሻሻል አቤቱታ ማስገባት ይችላል፣ ቅጹም አለው። ጠበቃ አያስፈልግህም።

ዳዊት፦ እኔ ልጻፈው። እርስዎ ላቦራቶሪውን ያውቃሉ፣ እኔ ደግሞ ድንበሩ ላይ ልያዝ የነበርኩ ነኝ። ምን ምን ይግባበት?

ወርቅነሽ፦ ወረቀት አምጣ። መጀመሪያ ክልከላው ይጽና በል፤ እናላላው የሚል ሰው እንዳትመስላቸው። ሁለተኛ፣ በስድሳ ቀን ውስጥ ራሱ አሳውቆ የሚያስረክብ ሰው አይቀጣ በል፤ የሚያስረክብበት ስልክም ደንቡ ውስጥ ይጻፍ። ሦስተኛ፣ በሌሎች ስቴቶች ዜኖፐስ የሚሸጡ ሱቆች የተከለከለችባቸውን ስቴቶች ስም ገንዳው ላይ እንዲለጥፉ ካሊፎርኒያ ትጠይቃቸው፤ ልታስገድዳቸው አትችልም፣ ግን ትጠይቅ። ቡልፍሮግንም አንሣው፣ ለብቻው በሌላ አንቀጽ። ስሜን ከስምህ በታች ጻፈው፤ ስብሰባው ሳክራሜንቶ ከሆነ አብሬህ እሄዳለሁ።